ለማስፈራራት ፈቃድ

ባለፈው ጥቅምት፣ እዚህ ሜልበርን፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከቤቴ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ያለ አንድ ቤት ደጃፉ ላይ የተቦረቦረ ዱባ አስቀምጦ ሻማ አብርቶበት ነበር። ከሥራ ስመለስ በእግሬ እያለፍኩ ነው። የሻማው ነበልባል የዱባውን ክዳን ከታች እየለበለበው፣ ጣፈጥ ያለ፣ ግን ደግሞ አረር አረር የሚል ሽታ ወደ መንገዱ ይወጣል። ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ቆምኩ። ያንን ሽታ መጀመሪያ ያሸተትኩት በዘጠኝ ዓመቴ፣ በጓሯችን ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ከአንዲት ጃፓናዊት ጎን ተቀምጬ ነው። በልጅነቴ ትልቁን ውሸት የዋሸሁትም በዚያው ሰሞን ነው።

ያኔ የምንኖረው ሰንሻይን የሚባል ሰፈር ነበር። ቤታችን የእንጨት ነው፤ ባቡር ባለፈ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። አባዬ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፣ እማዬ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ታጸዳለች። ከጓሮ አንዲት ባንጋሎ፣ ባለ አንድ ክፍል ቤት፣ ነበረችን፤ ባዶዋን ከምትቀር ብለው ሊያከራዩአት ወሰኑና በሐምሌ፣ ብርዱ በጠናበት ሰሞን፣ ናትሱኮ መጣች። ኮሌጅ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ እዚህ ለተወለዱ የጃፓን ልጆች ቋንቋቸውን ታስተምራለች። አባዬ በመጀመሪያው ቀን ስሟን ሦስት ጊዜ አስደገማትና፣ «ናቲ ብንልሽስ?» አላት በአማርኛ። የተባለው ሳይገባት ጎንበስ ብላ አመሰገነች። ከዚያ በኋላ ናቲ ሆና ቀረች።

እማዬ የወደደቻት ወዲያው ነው። ናቲ ወደ ቤታችን ስትገባ ጫማዋን ደጅ አውልቃ፣ አፍንጫቸውን ወደ ውጭ አዙራ ጎን ለጎን ታስቀምጣቸዋለች። «እንደ ቤተ ክርስቲያን አከበረችን እኮ» ትላለች እማዬ። ሁለቱ ግን እርስ በርስ መነጋገር አይችሉም ነበር። የእማዬ እንግሊዝኛ ለሥራዋ የሚበቃ ብቻ ነው፤ የናቲ ደግሞ ከመጽሐፍ የተለቀመ፣ ቀስ የሚል ነው። መሀል ላይ እኔ አለሁ። የእማዬን ለናቲ፣ የናቲን ለእማዬ አመላልሳለሁ። ያለ እኔ ጨው እንኳን መዋዋስ አይችሉም። ዘጠኝ ዓመት ለሞላት ልጅ ይህ ትልቅ ሹመት ነው።

ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ቦርሳዬን ወርውሬ ወደ ባንጋሎዋ እሮጣለሁ። ናቲ በካልሲ ስትሄድ ድምፅ የላትም። አንድ ቀን፣ «እናንተ አገር መንፈስ አለ?» ብዬ ጠየቅኋት። አለ አለች። «ምን ይመስላል?» ስላት ረዥም ፀጉሯን ወደ ፊቷ ለቀቀች፣ እጆቿን ከደረቷ ፊት አንጠለጠለችና፣ «እግር የለውም» አለችኝ። ከወገቡ በታች እንደ ጭስ ይሳሳል አለች።

ይሄ ነገር ለቀናት አሳሰበኝ። በመጨረሻ ጃፓኖች ጫማ የሚያወልቁት እግር እንዳላቸው ለባለቤቱ ለማሳየት ነው ብዬ ደመደምኩ። በጣም ምክንያታዊ ነገር ነው። እንግዳ ሲመጣ በሩ ላይ ይታያል፤ እግር ካለው ይገባል። ይህን ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ በሙሉ ነገርኳቸው፤ ማንም አልተቃወመኝም።

በጥቅምት መጀመሪያ ናቲ ቆዳው ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ዱባ ተሸክማ መጣች። አልበሰለም ብዬ አስጠነቀቅኋት። ሳቀችና ሰንጥቃ አሳየችኝ፤ ውስጡ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነው። የእነሱ አገር ዱባ እንዲህ ነው። ግማሹን ከነቆዳው ቆራርጣ በስኳርና በአኩሪ አተር ሶስ ቀቀለችው። አብራ ያመጣችውን ሌላ ትንሽ ዱባ ደግሞ በማንኪያ ቦርቡረን ዓይንና አፍ አወጣንለት። ሻማ አብርተን ክዳኑን ስንደፋው ያ ሽታ ወጣ።

«ለምንድን ነው የምንሠራው?» አልኳት።

«ለሃሎዊን።»

«ሃሎዊን የጃፓን በዓል ነው?»

አይደለም አለች። እሷ ልጅ ሳለች በከተማዋ ይህን ነገር የሚያውቅ አልነበረም። ቆይቶ በትልልቅ የመዝናኛ ቦታዎችና በእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ቤቶች በኩል እንደ እንግዳ ገባ፤ ሰውም ወደደው። አሁን በጥቅምት ዳቦ ቤቱ ሁሉ የዱባ ኬክ ይጋግራል፤ በዋና ከተማቸው ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ አለባበስ ቀይረው መንገዱን ይሞሉታል፤ ከዚያ በማግሥቱ ጠዋት የሌሊት ወፍ መስለው የመጡ ሰዎች ጎንበስ ብለው ቆሻሻ ሲለቅሙ ታያለሽ አለችኝ።

«የሞቱት ሰዎችስ በዚያ ቀን ይመጣሉ?»

«የሞቱት በበጋ ነው የሚመጡት፤ በሙቀቱ ጊዜ። ያ ሌላ በዓል ነው። ቶሎ እንዲደርሱ ከኪያር ፈረስ እንሠራላቸዋለን፤ ሲመለሱ ደግሞ ቀስ ብለው እንዲሄዱ ከደበርጃን ላም። ሃሎዊን ግን የመኸር ጨዋታ ነው፤ ቅጠል ሲረግፍ።»

በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። የጎረቤታችን የፕለም ዛፍ ገና አዲስ ቅጠል እያወጣ ነው፤ ንቦች ይርመሰመሳሉ። ሜልበርን ወቅቷ የተገላቢጦሽ ነውና በጥቅምት ምንም የሚረግፍ ነገር የላትም። በዓሉ ከሩቅ በመርከብ ሲመጣ መንገድ ላይ ስድስት ወር ዘግይቶ የደረሰ መሰለኝ። ናቲን እንዳላሳፍራት ብዬ ግን ይህን አልነገርኳትም።

ለቅዳሜ ተማሪዎቿ ሰልፍ እያዘጋጀች ነበር። አሥራ ሁለት ልጆች አለባበስ ቀይረው በሰንሻይን ጥቂት ሱቆች ይዞራሉ። እኔ ዝም ብለን የሰው በር እያንኳኳን ከረሜላ የምንጠይቅ መስሎኝ ነበር፤ በትምህርት ቤት የሰማሁት እንዲያ ነው። ናቲ ግን ደነገጠች። «የማናውቀውን ሰው በር?» አለች እጇን አፏ ላይ አድርጋ። በእነሱ ዘንድ ያንን የሚያደርግ የለም። አስቀድሞ ይጠየቃል፤ የፈቀደ ብቻ ነው የሚጎበኘው፤ ለልጆቹ የሚሰጠውን ከረሜላ እንኳን ቀድሞ ጠያቂው ያደርስለታል። ለእያንዳንዱ ሱቅ በእጇ ደብዳቤ ጻፈች፤ ጥግ ላይ ትንሽ ዱባ ሣለችበት። አንዱ ለእትዬ ጽጌ ነበር።

እትዬ ጽጌ ከጣቢያው አጠገብ በርበሬና ሽሮ፣ ጤፍና የስልክ ካርድ የሚሸጡ የእናቴ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ናቸው። ናቲ ደብዳቤውን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ ብላ ሰጠቻቸው።

«ይቺ ማናት ሜሪዬ?»

«ናቲ ናት እትዬ። እኛ ጋ ነው የምትኖረው።»

«ምን ይላል? መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ፤ አንብቢልኝ እስቲ።»

አነበብኩላቸው። «‹የተከበሩ የሱቁ ባለቤት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቀኑ በአሥር ሰዓት አሥራ ሁለት ልጆች መጥተው ሊያስፈራሩዎት ይፈልጋሉ። አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚወስደው። ቢፈቅዱልን ደስ ይለናል። ካልፈቀዱ አንመጣም።›»

«ሊያስፈራሩኝ?»

«አዎ።»

«በቀጠሮ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ሻሻቸው እስኪንሸራተት ሳቁ። ከዚያ ድንገት ኮስተር አሉና፣ «የሰይጣን ነገር ግን አይደለም አይደል? ጠይቂያት» አሉኝ። ጠየቅኋት። ናቲ ረዥም ጊዜ አሰበች። «አይደለም» አለች በመጨረሻ፣ «የዱባ ነገር ነው።»

«እንግዲያው ይምጡ በያት። ግን እንዳይዘገዩ፤ በጊዜ ነው የምዘጋው።»

ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ነገር አልገባኝ አለ። «ግን ቀድመው ካወቁ እንዴት ይደነግጣሉ?»

«ይደነግጣሉ» አለች ናቲ። «ደስ እያላቸው ይደነግጣሉ። ሳያውቅ የሚደነግጥ ሰው ግን ደስ አይለውም።»

ሐሙስ ዕለት እማዬ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ልብስ ልታሰጣ ወደ ጓሮ ወጣች። እኔ ደረጃው ላይ ዳቦ እየበላሁ ነበር። ገመዱ ላይ ናቲ አጥባ ያሰጣችው ነጭ አንሶላ ይወዛወዛል፤ መሀሉ ላይ ለዓይን ሁለት ቀዳዳ ተቆርጦለታል። እማዬ የልብስ መያዣውን ቅርጫት እንደያዘች ቆመች። እስኪበዛብኝ ድረስ ቆመች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የናቲ ነው። ለልጆቹ፤ ለሃሎዊን።»

ናቲ ድምፃችንን ሰምታ በካልሲዋ ፈገግ እያለች ወጣች። እማዬ ዓይኗን ከአንሶላው ሳታነሳ፣ ቀስ ብላ፣ «ሜሮን፣ ንገሪያት» አለችኝ። «ይሄን አሁኑኑ ታውርደው። ፊት የሚሸፍን ነገር በዚህ ግቢ ውስጥ ማየት አልፈልግም። እነዚያም ልጆች እዚህ ደጃፍ እንዳይደርሱ። እሺ ካለች ትኑር፤ አይሆንም ካለች ሌላ ቤት ትፈልግ።»

ባለፈው እሑድ ሰባኪው ስለ ሃሎዊን ተናግረው ነበርና እማዬ የፈራችው ሰይጣንን መሰለኝ። ናቲን ስለ ሰይጣን ጠይቄያታለሁ፤ የዱባ ነገር ነው ብላለች። ስለዚህ እማዬ ተሳስታለች። የተሳሳተ ነገር ደግሞ መተርጎም ለምን ያስፈልጋል? ከሁሉ በላይ ናቲ ከሄደች ወደየት ነው የምሮጠው?

«እማዬ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ አንሶላውን አስገቢው ትላለች» አልኳት በእንግሊዝኛ።

ናቲ ሰማዩን አየች። አንድ ደመና የለም። ቢሆንም ጎንበስ ብላ አመሰገነችና አንሶላውን ወዲያው አወረደችው። እማዬ በረዥሙ ተነፈሰች። «አየሽ፣ ጨዋ ልጅ ናት» አለችኝ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሰው ደስ አሰኘሁ ብዬ ዳቦዬን ጨረስኩ።

በማግሥቱ ናቲ የመጨረሻውን ደብዳቤ ሰጠችኝ። በዱባው ፋንታ ቤታችንን ሥላበታለች፤ የደጁን ደረጃና እዚያ ያለውን የተሰነጠቀ የአበባ ማሰሮ ሳይቀር። «ለእናትሽ ነው። አንብቢላት። ሰልፉ እናንተ ቤት እንዲያልቅ እፈልጋለሁ» አለችኝ። ደብዳቤውን የሒሳብ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት። ቅዳሜ ጠዋት፣ «ፈቀደች?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ «ፈቅዳለች» አልኩ። እማዬ ቅዳሜ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ትሠራለች፤ እናንኳኳለን፣ ማንም አይከፍትም፣ እንሄዳለን። እንዲያ ነበር ያሰብኩት።

ከሰዓት በኋላው ፀሐያማ ነበር። ጠንቋዮች፣ ድመት፣ አፅም፣ ሁለት ዱባዎች ነበሩ። አንድ ልጅ አሮጌ ጃንጥላ ደፍቶ፣ ጃንጥላው ላይ አንድ ትልቅ ዓይን ለጥፎ በአንድ እግሩ ይዘላል፤ በእነሱ ተረት የተጣለ ጃንጥላ መቶ ዓመት ሲሞላው ነፍስ ይዘራና ለምን ጣላችሁኝ እያለ ይመጣል። ከሁሉም ትንሿ ሪኮ ነበረች፤ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አንሶላውን የለበሰችው እሷ ናት። እኔ ትንሽ ባንዲራ ይዤ ከፊት እመራለሁ።

እትዬ ጽጌ ቃላቸውን ጠበቁ። ገና በሩ ሲከፈት፣ «ዋይ! ዋይ! ወየው ልጄ!» ብለው ከጤፍ ከረጢቶች ጀርባ ተደበቁ። ሽሮ ሊገዛ የመጣ ሰውዬም እጁን ወደ ላይ አነሳ። ልጆቹ በደስታ ጮኹ። ከዚያ እትዬ ጽጌ ወጥተው ሻሻቸውን አስተካክለው ናቲ ቀድማ ያመጣችላቸውን ከረሜላ እንደ ራሳቸው አደሉ። ዳቦ ቤቱም፣ መድኃኒት ቤቱም እንዲሁ ሆነ። በየመሀሉ ልጆቹ በመቆንጠጫ የከረሜላ ወረቀት ይለቅማሉ፤ የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን መንገዱ ላይ ያገኙትን ሁሉ። አንድ አፅም የሲጋራ ቁራጭ ሲያነሳ አይተው አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች አጨበጨቡለት።

ከዚያ ወደ ቤታችን መጣን። አንኳኳሁ።

ውስጥ የእግር ኮቴ ተሰማ።

እማዬ ወገቧን አሟት ሺፍቷን ከጓደኛዋ ጋር ቼንጅ አድርጋ በጊዜ መጥታ ነበር። በሩን ከፈተች። ሪኮ እንደተለማመደችው አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣችና ከረሜላ ለመቀበል ከአንሶላው ሥር እጇን ዘረጋች።

እማዬ አልጮኸችም። ወደ ኋላ ሄደች፤ ጀርባዋ ግድግዳውን ሲነካ ተንሸራታ መሬት ላይ ተቀመጠች። «እሱ አይደለም» አለች። ድምፁ የእማዬ አይመስልም፤ የልጅ ድምፅ ነው። «እሱ አይደለም፤ እሱ ምንም አላደረገም፤ እሱ አይደለም።»

ማን? ዙሪያዬን አየሁ። የምትለው «እሱ» በደጃፋችን አልነበረም።

ሪኮ አንሶላውን ራሷ ገፈፈችና ማልቀስ ጀመረች። ናቲ ልጆቹን ሰብስባ ወላጆቻቸው ወደሚጠብቁበት አዳራሽ ይዛቸው ሄደች። ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ ከደጃፉ ውጭ፣ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከች። እማዬ መኝታ ቤት ገብታለች። ናቲ አባዬ ከሥራ እስኪመጣ ከዚያ አልተነሳችም።

አባዬ እማዬ ጋ ገብቶ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወጥቶ ጓሮ ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሰይጣን የፈራች መስሎሽ ነው?»

«አዎ።»

«እናትሽ ሰይጣን አትፈራም» አለኝ። «ታላቅ ወንድም ነበራት። በደርግ ጊዜ፣ እሷ ያንቺን ያህል ሆና፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩን ሰው ሜዳ ላይ ሰበሰቡት። አንድ ሰው አመጡ። ራሱ ላይ ጆንያ አጥልቋል፤ ለዓይኑ ሁለት ቀዳዳ ብቻ። በሰዉ መሀል እየሄደ በእጁ ይጠቁማል። የጠቆመው ይወሰዳል። ወንድሟን ጠቆመው። እሱ አይደለም እያለች እግራቸው ሥር ተንከባለለች። ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ።»

«ጆንያው ውስጥ ማን ነበር?»

«የሰፈሩ ሰው ነዋ፤ ለዚህ አይደል ፊቱን የሸፈኑት። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም። ወንድ ሰላም ባላት ቁጥር እጁን፣ እጁን እያየች ነው ያደገችው።»

ገብቼ የሒሳብ ደብተሬን አመጣሁና ደብዳቤውን ሰጠሁት። የዝናቡንም ውሸት ነገርኩት። አባዬ ደብዳቤውን አንብቦ አጠፈና መልሶ እጄ ላይ አደረገው። «ይሄ ወደ እኔ የተላከ አይደለም» አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ ወደ ናቲ ሄድኩ። ሻንጣዋ ወለሉ ላይ ተከፍቷል፤ ልብሶቿን አጣጥፋ ግማሹን ሞልታዋለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ የእማዬን ወንድም፣ ጆንያውን፣ ደብተሩን።

«ዝናብ ይመጣል ያልሽኝ ቀን» አለች፣ «እውነቱን ምን ነበር ያለችው?»

አንድ በአንድ ነገርኳት። ናቲ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ሳልጠይቃት አስፈራኋት።»

«አንቺ ጠይቀሻል እኮ! ደብዳቤ ጽፈሻል!»

«ያልደረሰ ደብዳቤ» አለች ናቲ፣ «ጥያቄ አይደለም።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማዬ ማዕድ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ስትወለውል ፊቷ ቆምኩ። ፊቷ አብጧል። መጀመሪያ ሐሙስ ዕለት ያደረግሁትን ነገርኳት። ከዚያ ደብዳቤውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት።

«‹ውድ ወይዘሮ አስቴር። ቅዳሜ በአሥራ አንድ ሰዓት አሥራ ሁለት ተማሪዎቼን ይዤ ደጃፍዎ መጥተን ልናስፈራራዎት እንፈልጋለን። ቤትዎን ቤቴ ስላደረጉልኝ ልጆቹን ላሳይዎት ፈልጌ ነው። ይፈቅዱልናል? ካልፈቀዱ ምክንያቱን መናገር አያስፈልግዎትም።›»

መወልወሏን አቆመች። «መጨረሻውን ድገሚልኝ።»

«ካልፈቀዱ ምክንያቱን መናገር አያስፈልግዎትም።»

«ጠይቃኝ ነበር ማለት ነው?»

«አዎ።»

«እና አንቺ ነሽ የመለስሽላት።»

እማዬ ጨርቁን አጠፈችው፤ ደግሞ ዘረጋችው። «ሁለተኛ የሰው ቃል ይዘሽ ስትሄጂ» አለችኝ፣ «ጥሩም ይሁን መጥፎ አንዲት ፊደል እንዳትቀንሺ። ገባሽ?» ገባኝ አልኩ። «አሁን ነይ፤ ልታናግሪልኝ ነው።»

ባንጋሎዋ በር ላይ ስንደርስ ናቲ ሻንጣዋን እየዘጋች ነበር። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይቅርታ ጠየቁ፤ አንዷ በእንግሊዝኛ፣ አንዷ በአማርኛ፤ የቱን እንደማስቀድም ግራ ገባኝ። እማዬ ሻንጣውን በእጇ አሳየች።

«ይሄን ትፍታው በያት። ልጆቹም ተመልሰው ይምጡ። እነሱ ምን አጠፉ? ግን መጀመሪያ ፊታቸውን ልይ። ፊታቸውን አይቼ፣ ስማቸውን ሰምቼ፣ ከዚያ የፈለጉትን ይልበሱ።»

አንድም ፊደል ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ናቲ ሁለት ጊዜ ጎንበስ አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መጡ። እማዬ ዳቦ ቆሎና ከረሜላ በትሪ ሞልታ፣ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ ደረጃው ላይ ቆማለች። አባዬ ከኋላዋ ነው፤ እኔ ከጎኗ። ልጆቹ አለባበሳቸውን በከረጢት ይዘው በግቢው ሣር ላይ ተሰለፉ። አንድ በአንድ ወደ ፊት እየወጡ ስማቸውን፣ ቀጥለው ደግሞ ምን እንደሆኑ ተናገሩ።

«ዩዪ ነኝ። ድመት ነኝ።»

«ሃሩቶ ነኝ። የተጣለ ጃንጥላ ነኝ።»

ለእያንዳንዱ እማዬ ስሙን ትደግማለች። «ዩዪ። ሃሩቶ።» ልጁ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ እሷ እያየችው ጭምብሉን ያጠልቃል። መጀመሪያ ላይ ትሪውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ይዛው ነበር። አምስተኛው፣ ስድስተኛው ልጅ ጋ ስትደርስ ወደ ልጆቹ ዝቅ አደረገችው። አፅሙ ልጅ ጭምብሉን ገልብጦ ሲያጠልቅና ዓይኑ ሲጠፋበት ሳቀችም።

የመጨረሻዋ ሪኮ ናት። ባዶ እጇን ነው የመጣችው፤ ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች። ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

«ሪኮ ነኝ» አለች። «ምንም አይደለሁም።»

ተረጎምኩት። እማዬ ትሪውን ለአባዬ ሰጠችና ደረጃውን ወርዳ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች፤ ፊቷ ከሪኮ ፊት ጋር ትክክል ሆነ።

«የዚያን ቀን የደነገጥኩት ባንቺ አይደለም በያት» አለችኝ። አልኳት። ሪኮ ዓይኗን ቀና አደረገች።

ከዚያ እማዬ ተራዋ የደረሰ ይመስል፣ «አስቴር ነኝ» አለች። ልጆቹ ሁሉ ጠበቁ፤ አንድ ነገር ቀርቷል። ምን እንደሆነች አልተናገረችም። እማዬ እያየኋት አሰበች።

«እህት ነኝ» አለች። «የብርሃኑ እህት።»

ስሙን ስሰማ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። አባዬ ከኋላ በሩን ተደግፎ ራሱን አቀረቀረ።

«ብርሃኑስ ምንድን ነው?» ብላ ሪኮ ጠየቀች።

«ተማሪ ነው» አለች እማዬ። «አሥራ ሁለተኛ ክፍል። ጂኦሜትሪ ይወዳል። ሲያጠና ያፏጫል።»

ሪኮ ወደ በሩ፣ ከዚያ ወደ ግቢው መግቢያ አየችና አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ምን አለች?» አለችኝ እማዬ።

ለእማዬ የሚቀል ሌላ ጥያቄ መፍጠር እችል ነበር፤ በአንድ አፍታ ሦስት መጥቶልኛል።

«‹እሱም ይመጣል ወይ?› ነው የምትለው።»

እማዬ ከሣሩ ተነስታ ትሪውን ከአባዬ ተቀበለች።

«አይመጣም በያት» አለችኝ። «የሱን ድርሻ እሷ ትውሰድለት።»

እንዳለችው ተረጎምኩ። ሪኮ ሁለት እጇን አንድ ላይ አድርጋ ዘረጋች። እማዬ የዘረጋቻቸውን እጆች ትንሽ አየቻቸው፤ ከዚያ እስኪፈስስ ድረስ ሞላችላቸው።